ዓም ዲክ የጠራት ልጅ

ዛሂራ ለሰው የምትሠራው ምግብ በሰፈሩ የተመሰከረለት ነበር። ካርቱም ውስጥ፣ ሪያድ በሚባለው የሀብታም ሰፈር በምትሠራበት ቪላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ባለቤቲቱ ሲት ዒልሃም ትሪውን ከማስቀመጧ በፊት "የዛሂራ እጅ ነው" ትላለች፤ እንግዶቹም ባሚያውን ሲቀምሱ ይጨመርልን ይላሉ። ማታ ወደ አል-ሳሃፋ፣ ወደ እኛ ሰፈር፣ ስትመለስ ግን ያ እጅ ጨው አይነካም። በክፍሏ ውስጥ ጨው የሚባል ነገር አልነበረም።

ልጇ ኒዕማ ኩላሊቷን ታማ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ዓይኖቿ አብጠው ስትነሣ እናቷ ትንኝ የነከሳት መስሏት ሳቀችባት። ከዚያ እግሯ አበጠ፤ ሆዷም ተነፋ። የልጆች ሐኪሟ ትዕግሥት ያላት ሴት ነበረች፤ ለዛሂራ እንዲገባት ብላ፣ "ኩላሊት ወንፊት ነው" አለቻት። "የልጅሽ ወንፊት ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ሰውነቷ ሊይዘው የሚገባውን ያፈሰዋል።" ክኒኑን ከሰጠቻት በኋላ እጇን ይዛ፣ "ጨው የለም። ትንሽም የለም። ጨው ከበላች ውኃው እሰውነቷ ውስጥ ይቀራል፤ ሳንባዋ ድረስ ይደርሳል" ብላ አስጠነቀቀቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛሂራም ጨው ተወች። "እሷ የማትበላውን ፊቷ ተቀምጬ አልውጥም" አለች። በሖሻችን ውስጥ፣ በአንድ ግቢ ዙሪያ በተደረደሩት ክፍሎች የምንኖር ሁሉ፣ ኒዕማ ብቅ ስትል ሰሃናችንን መሸፈን ለመድን። በዕድሜ ከሁላችን የምትበልጠው መዲና፣ የደሴ ሰው ናት፣ "እዚህ ግቢ ጨው እንደ ዐረቄ ተደብቆ ነው የሚቀመሰው፤ አንድ ቀን ፖሊስ ይመጣብናል" እያለች ታስቀን ነበር።

ዛሂራ ከሐይቅ አካባቢ ናት። ገና ወጣት ሳለች በመተማ በኩል ተሻግራ፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ አጭዳ፣ ካርቱም ስትገባ መጀመሪያ ቡሪ ውስጥ በሰው ቤት ኖረች። እዚያ ሳለች ግንበኛውን አብዱልሰላምን አገባች። ኒዕማ መዳህ ስትጀምር እሱ ወደ ሊቢያ መንገድ ወጣ። ለተወሰነ ጊዜ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ቀረ። በበረሃ ስላለቁ ሰዎች ወሬ በተነሣ ቁጥር ዛሂራ ከመሐላችን ተነሥታ ልብስ ለማስጣት ትሄዳለች፤ የሚሰጣ ልብስ ባይኖርም።

ያን ጊዜ የነዳጅ ገንዘብ በከተማዋ መታየት ጀምሮ ነበር። መስታወት የለበሱ ምግብ ቤቶች በየጎዳናው በቀሉ። ከነሱ አንዱ ዶሮ ጠብሶ ከድንችና ከለስላሳ ጋር በሳጥን የሚሸጥ ሲሆን፣ ምልክቱ ቀይ ኩክኒ ያለው፣ ቢጫ ሱሪ የታጠቀ አውራ ዶሮ ነው። ልጆቹ "ዓም ዲክ" ይሉታል፤ አጎቴ አውራ ዶሮ እንደማለት። ኒዕማ የምትማርበት ትምህርት ቤት ጥግ ላይ ሰሌዳው ተተከለ። የዶሮው ክንፍ የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ በጣት እንደሚጠራ ሰው ተዘርግቷል።

አንድ ቀን ምግብ ቤቱ በፒካፕ ሙዚቃ እያሰማ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባ። ሰዎቹ በመጀመሪያ የየልጁን ስም በወረቀት ጽፈው በየደረቱ ለጠፉ። ቀጥሎ ዓም ዲክ ራሱ፣ ሰው የሚያክል ዶሮ ሆኖ ከመኪናው ወረደና እየጨፈረ፣ ደረታቸውን እያነበበ በየስማቸው ጠራቸው። ፊኛ ለሁሉም ሰጠ። የወረቀት ዘውዱ ግን ምግብ ቤቱ ድረስ ለሚመጣ ልጅ ብቻ ነው ተባለ።

ማታ ኒዕማ እናቷን በር ላይ ጠበቀቻት።

"ዩማ፣ ዓም ዲክ ጠራኝ።"

"ማነው ደግሞ እሱ?"

"ዲክ! ዶሮው። 'ያ ኒዕማ፣ ነይ' አለኝ። ወላሂ በስሜ ነው!"

መዲና ከወዲያ ሰምታ፣ "ዶሮ ከጠራሽማ እኔም ቢላዋ ይዤ እመጣለሁ በዪው" አለቻት። ሁላችንም ሳቅን። ኒዕማ ብቻ አልሳቀችም። እንደተሰደበ ሰው ዓይኗ እንባ ሞላ።

በቀጣዮቹ ቀናት የክፍሏ ልጆች አንድ በአንድ ዘውድ ደፍተው መጡ። ዛሂራ ጎህ ሲቀድ ወጥታ መግሪብ ላይ የምትገባ ሴት ናት። በመካከል ያለውን ቀን ልጇ ከሰሌዳው ሥር፣ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ፊት፣ ከዘውዳሞቹ ልጆች ጋር ታሳልፋለች። መዝሙሩን በቃሏ ያዘች። ስትጫወትም፣ እንቅልፍ ሲወስዳትም ታንጎራጉረዋለች።

ከዚያ ሕመሙ ተመለሰ። ፊቷ እንደገና ተነፋ፤ ሐኪሟ ክኒኑን ጨመረችላት። ከሕመሙ የባሰው ግን ምግብ መተዋ ነበር። ዛሂራ የምታውቀውን ሁሉ ሞከረች። ሎሚ ጨመቀች፣ ነጭ ሽንኩርት አቁላላች፣ ምስሩን በድንብላል፣ ስኳር ድንቹን በከሰል ፍም ሠራች፤ ኪስራውን፣ የሱዳኑን ስስ እንጀራ፣ ቆርጣ በዶሮ መልክ ሳይቀር አቀረበችላት። ኒዕማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ማ ዳይራ። አልፈልግም።"

"ምንድነው የምትፈልጊው ታዲያ፣ የኔ እናት?"

"ዓም ዲክ።"

ቀን በቀን ያው ነው። አንገቷ ቀጠነ፣ ሆዷ ብቻ ቀረ። መዲና አንድ ከሰዓት በኋላ ከአልጋው ጎን ተቀምጣ ስታያት ቆየችና ዛሂራን ወደ ውጭ ጠራቻት።

"ስሚ፣ የታመመ ሰው አምሮት ይነፈጋል? በየትኛው አገር?"

"ሐኪሟ ከልክላለች እኮ፣ እትዬ መዲና።"

"ሐኪሟ የምታያት ከውጭ ነው። አምሮት ግን ከውስጥ ነው የሚመጣ። ሰውነቷ የቸገረውን ያውቃል፤ አፏ ይናገርለታል እንጂ።"

ይህን ዛሂራም ታውቀዋለች። ያደገችበት ነው። ሐይቅ ሳለች አክስቷ ታማ፣ ውኃ እንኳ አልወርድ ብሏት ስትቃትት፣ ድንገት እሸት በቆሎ አማረኝ አለች። ወቅቱ አልነበረም። አጎቷ ቆላ ወርዶ መስኖ ካላቸው ሰዎች ለምኖ አመጣላት፤ በላችና ተነሣች። በዚያ አገር በሽተኛ አንድ ነገር ካማረው ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ ነፍሱ መመለሻዋን እያሳየች ነው ይባላል። አምሮቱን ነፍጎ የቀበረ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ራሱን ይበላል። ዛሂራ የሐኪሟን ቃል በአንድ እጇ፣ ይህን በሌላ እጇ ይዛ ሁለት ቀን ያህል እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ልጇን ጥሩ ቀሚሷን አልብሳ በሪክሻ ወደ ዓም ዲክ ምግብ ቤት ወሰደቻት።

ኒዕማ በላች። ስንት ጊዜ እህል ያልቀመሰች ልጅ ጣቶቿን እየላሰች፣ አጥንቱን እየመጠጠች በላች። ዘውዱን ደፉላት። ዓም ዲክ መጥቶ ፊቷ ጨፈረ፤ ጉንጯ ቀላ፤ ሳቀች። ዛሂራ ፊቷን በጦቧ፣ የሱዳን ሴቶች በሚከናነቡት ረጅም ልብስ፣ ጫፍ ሸፍና በደስታ አለቀሰች። አላህ ልጄን መለሰልኝ አለች።

በዚህ መካከል ዶሮው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለና በአማርኛ፣ "እህቴ፣ በናትሽ፣ ላብ ሊጨርሰኝ ነው፤ ያችን ውኃ በምንቃሬ አስገቢልኝ" አላት።

ዛሂራ ደንግጣ ዘለለች። "ሐበሻ ነህ እንዴ?"

"አሁን ዶሮ ነኝ። ሐበሻው ከሥር ነው። ነቢዩ እባላለሁ፣ የጎንደር ዶሮ።"

"የሱዳን ዶሮ አጥተው ነው?"

"ፊቱ የማይታይ ሥራ መቼም ለኛ ነው የሚተርፈው" አለና ውኃውን ጠጥቶ፣ ክንፉን እያርገበገበ ወደ ሌሎቹ ልጆች ሮጠ።

ጎህ ሲቀድ ኒዕማ መተንፈስ አቃታት። ደረቷ ውስጥ እንደሚፈላ ማሰሮ ድምፅ ነበር። ጎረቤት አምጃድ የሚባለውን ታክሲ ጠርቶ ሆስፒታል ስናደርሳት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ኦክስጅን አደረጉላት፤ በመርፌ ውኃውን ማስወጣት ጀመሩ።

"ምን በላች?" አለች ሐኪሟ።

ዛሂራ ነገረቻት። አልደበቀችም። "አምሯት ነበር፣ ያ ዶክተራ። የታመመ ሰው ሲያምረው በኛ አገር…" ብላ መጨረስ አልቻለችም። ሐኪሟ አልጮኸችባትም። የኦክስጅኑን ቱቦ አስተካከለችና፣ "ዛሬ ተርፋለች። እንዲህ ደግማ ከመጣች ግን ቃል አልገባልሽም። ጨው የሌለውን ምግብ መልመድ አለባት፤ ሌላ መንገድ የለም" አለቻት።

ኒዕማ የተኛችበት ክፍል ብዙ ልጆች ነበሩበት። ጎኗ ያለው እግሩን የፈላ ውኃ ያቃጠለው ነው። ከወዲያ ወባ የያዛት ልጅ ናት። በመስኮቱ በኩል ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት አለች። ዛሂራ አልጋው ሥር ቁጭ ብላ እናቶቹ ልጆቻቸውን ምን እንደሚያምራቸው ሲጠይቁ ሰማች። የተቃጠለው ልጅ ዓም ዲክ አለ። የወባዋ ልጅ ዓም ዲክ አለች። ጉሮሮዋን የታመመችው መናገር ስላልቻለች እጇን እንደ ክንፍ አርገበገበች።

ያን ጊዜ ነው ዛሂራን ብርድ ብርድ ያላት። የሐይቅ በሽተኞች ትዝ አሏት፦ አክስቷ እሸት፣ ጎረቤቷ የግመል ወተት፣ ሌላው ኑግ፣ ሌላዋ የጎመን ውኃ። ለየሰውነቱ የየራሱ። አምሮት እንዲህ አንድ ዓይነት አይሆንም። ይህ ከልጇ ሆድ የመጣ ነገር አይደለም፤ ሰው ሠርቶ ያስገባው ነው። እሷ ደግሞ የልጇ ነፍስ ድምፅ መስሏት ታዘዘችው።

ለሲት ዒልሃም ይህንን ስትነግራት እሷ ከልብ አዘነች፤ ፈቃድም ሰጠቻት። ነገር ግን ዛሂራ፣ "መንግሥት ዶሮውን ከሰሌዳው ያንሣው" ስትላት ፈገግ አለች።

"መንግሥት ስለ ዶሮ ምን አገባው፣ ዛሂራ? ልጅን እምቢ የሚል እናቱ ናት።"

"እኔ እኮ ያንቺን ልጆች ሳበላ ነው የምውለው፣ ሲቲ" አለች ዛሂራ። "እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ከልጄ ጋር ነው።"



ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው ያለፈበት ሴት የመንግሥት ቢሮ በር አትረግጥም። ሁላችንም እንዲህ ብለን ለመንናት። ዛሂራ ግን ጦቧን አስተካክላ ወደ መሐሊያው፣ ወደ አካባቢው አስተዳደር፣ ጽሕፈት ቤት ገባች። ተራዋ ሲደርስ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ወፍራም ሰው እስክሪብቶውን አነሣ።

"ምንድነው ያ ኡኽቲ፣ እህቴ? የዶሮ ቤቱን ልትከሺ?"

"አዎ።"

"ሥጋው ተበላሽቷል?"

"አልተበላሸም።"

"በረሮ አገኘሽበት? ፀጉር?"

"የለም፤ ንጹሕ ነው።"

"ሐላል አይደለም?"

"ሐላል ነው።"

"ታዲያ ምን አደረጉሽ?"

"ልጄን ጠሯት።"

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ቢሸት ነገ እዘጋዋለሁ" አላት። "ቢያሳምማቸው፣ ቢያስመልሳቸው፣ እዘጋዋለሁ። ልጅ መጥራት ግን የሚከለክል ሕግ የለኝም። ሕግ ከሌለኝ እኔ ማነኝ?"

"ሕግ የሚያወጡት እናንተ አይደላችሁም?"

"ከኔ በላይ ያሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ ሰሌዳው ለተተከለበት ቦታ ኪራይ ይቀበላሉ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባለፈው ጁምዓ እኔም ልጆቼን ወስጃለሁ። አልቅሰውብኝ ነው። አሁን ወረቀትሽን ሳልጠይቅሽ ሂጂ፣ ያ ኡኽቲ።"

ከዚያ ወጥታ ወደ ሆስፒታል አልሄደችም፤ እግሯ ወደ ምግብ ቤቱ የጓሮ በር ወሰዳት። ነቢዩ የዶሮውን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፀጉሩ በላብ ተጣብቆ ፉል ይበላ ነበር። ሲያያት ፈገግ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ደግሞ ተወው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

"ነገ ዒድ ነው" አላት በመጨረሻ። "ሳጥን ይዘን ወደ ሆስፒታሉ እንመጣለን። ሙዲሩ፣ አለቃዬ፣ ካሜራ የሚይዝ ሰው ቀጥሯል።"

ዛሂራ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ለልጄ አትስጣት።"

"ምን ልበላት?"

"የእናትሽን ምግብ ብዪ በላት። እኔን አትሰማም። ሐኪሟንም አትሰማም። አንተን ትሰማሃለች።"

"ዓም ዲክ የሚለው የተነገረውን ብቻ ነው፣ እህቴ። ስድስት ቃል ነው የሚያውቀው፤ ሁሉም ብሉ ናቸው።" የዶሮውን ኩክኒ በአውራ ጣቱ ሲጠርግ ቆየ። "ይቺን እንጀራ ካጣሁ ካሻ፣ የፖሊስ አፈሳው፣ ሲመጣ ማን ሰው ያውቀኛል? በካሚዮን ጭነው ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ነው የሚጥሉኝ።"

ዛሂራ አልለመነችውም። ተነሥታ ሄደች።

በዒድ ጠዋት እኔና መዲና አብረናት ነበርን። ዛሂራ ሩዝና ስኳር ድንች በሎሚ ሠርታ በሳህን ይዛለች። ኒዕማ ግን ዓይኗ በር ላይ ነው። ሙዚቃው ከኮሪደሩ ሲሰማ፣ ከስንት ቀን በኋላ በገዛ ኃይሏ ተነሥታ ተቀመጠች። ነርሷ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ፣ "እዚህ ጨው የተከለከሉ አሉ" አለች። ሙዲሩ፣ ሽቶ የተቀባ ጎረምሳ፣ የፈቃድ ወረቀት አሳያትና በጎኗ አለፈ።

ዓም ዲክ ከአልጋ አልጋ እየጨፈረ ሳጥን አደለ። ኒዕማ ዘንድ ሲደርስ ካሜራው ተጠጋ። ሙዲሩ ሳጥኑን በክንፉ ውስጥ አስቀመጠለት። ኒዕማ እጇን ዘረጋች፤ ክንዷ የሸምበቆ ያህል ቀጥኗል። ዛሂራ አልተንቀሳቀሰችም። ሳህኗን ይዛ ብቻ ቆማ ነበር።

ዶሮው ቆመ። ሙዚቃው እየተጫወተ እሱ ቆመ። ከዚያ ሳጥኑን አልጋው ሥር አስቀመጠና ከዛሂራ እጅ ሳህኑን ወሰደ። በዚያ በዓም ዲክ ቀጭን ድምፅ፣ በዐረብኛ፣ "ዛሬ ዓም ዲክ የሚበላው ይህንን ነው!" አለና ማንኪያውን በምንቃሩ ቀዳዳ አስገባ። "እምምም!" ሆዱን አሸ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሁለተኛውን ማንኪያ ወደ ኒዕማ ዘረጋ።

"ያ ዘውል፣ አንተ ሰው! ሳጥኑ! ሳጥኑን ስጣት!" አለ ሙዲሩ።

ኒዕማ አፏን ከፈተች። ጎረሰች። አኘከች። ዶሮው ሌላ አጎረሳት።

"ጨው የሌለው ምግብ ነው፣ ያ ሙዲር" አለ ነቢዩ በራሱ ድምፅ፣ ዘወር ሳይል። "ልጅቷ ጨው ይገድላታል።"

ሙዲሩ ካሜራውን በእጁ ሸፈነና ዶሮውን በክንፉ ይዞ ወደ በሩ ጎተተው። ልጆቹ ይህም ጨዋታ መስሏቸው አጨበጨቡ። ኮሪደሩ ውስጥ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የዚፕ ድምፅ። በመስኮቱ ስንመለከት፣ ሙዲሩ የዶሮውን ልብስ ራሱ ተሸክሞ ፒካፑ ላይ ወረወረው። ነቢዩ በካኔቴራ ብቻ፣ ፀሐዩ ውስጥ ቆሞ፣ ወዴት እንደሚሄድ ያሰበ አይመስልም ነበር። መዲና ጦቧን እየሳበች ወደ እሱ ሮጠች።

ዛሂራ ልጇን ታጎርሳለች። ሳህኑ ሊያልቅ ነው። ለሳምንታት ስትለምነው የኖረችው ነገር ዓይኗ ፊት እየሆነ ነው፤ ፊቷ ግን አመድ መስሏል።

"ዩማ" አለች ኒዕማ፣ አፏ ሙሉ ሆኖ። "ነገም ይመጣል፣ ዓም ዲክ?"

ዛሂራ ወደ መስኮቱ አየች። ፒካፑ ሙዚቃውን ከፍቶ እየወጣ ነበር፤ ባዶው ልብስ ከኋላ በነፋስ ክንፉን ያነሣል፣ ይጥላል። ነገ ሌላ ሰው ይገባበታል። ሳጥኑንም የሚሰጣት እሱ ነው።

"ይመጣል?"

"ይመጣል" አለች ዛሂራ። ማንኪያውን ሞላች። "ይመጣል፣ የኔ እናት። አሁን ብዪ። ሳይመጣ፣ ቶሎ ብዪ።"